ወደ ተራራው የምንልከው ልጅ

ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ሲነሣ ለብዙዎቻችን ወዲያው ትዝ የሚለን ችግኝ ነው። በክረምት ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ተሰልፈው ይወጣሉ፤ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ችግኝ ይተክላሉ፤ ከዚያም ጫማቸው ጭቃ ለብሶ ወደ ቤት ይመለሳሉ። እኛም ጫማውን እያጠብን «ጎበዝ» እንላቸዋለን። መልካም ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በተነገረ ጊዜ እኔም ከሠፈሬ ሴቶች ጋር ወጥቼ ሁለት የወይራ ችግኝ ተክያለሁ። አንዱ ዛሬ ከወገቤ በላይ ሆኗል፤ ሌላውን ፍየል በላው።

ተራራ ግን በዓመት አንድ ቀን ወጥተው የሚጠብቁት ነገር አይደለም። በየዕለቱ ሰው የሚወጣበት፣ ከብት የሚታገድበት፣ ሣር የሚታጨድበት፣ ጭራሮ የሚለቀምበት ስፍራ ነው። በየዕለቱ የሚወጣው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። እረኛው ልጅ ነው፤ ኩበት ለቃሚዋ ልጅ ናት፤ ውሃ ቀጂዋም ልጅ ናት። ታዲያ በየስብሰባው «ወጣቶችን በተራራ ጥበቃ እናሳትፍ» ሲባል እሰማና ይገርመኛል። ወጣቶቹ ድሮውንም ተራራው ላይ ናቸው። መጠየቅ ያለበት ማን ምን ብሎ እንደላካቸው ነው። የሚልካቸው ደግሞ ቤተሰብ ስለሆነ ነገሩ የዚህ ዓምድ ጉዳይ ይሆናል።

ለዚህ የማቀርበው ምሳሌ በሰሜን ሸዋ የሚገኘውን የመንዝን የጓሳ ምድር ነው። ባለቤቴ የዚያ አገር ተወላጅ ስለሆነ ከተጋባን ጀምሮ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ያላያችሁት አንባብያን እንድትገምቱት ያህል፣ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ደጋ ነው። ብርዱ አይጣል ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ቀን ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ይሸፍነዋል። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጓሳ ከሚባለው ረጅም ሣር ነው። ይህ ሣር ለመንዝ ሰው ያልሆነው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል፣ ፍራሽ ይሞላበታል። ከሁሉም በላይ ጓሳው ዝናቡንና ጠሉን በሥሩ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ታች ይለቀዋል። በአንድ በኩል ወደ ዓባይ፣ በሌላ በኩል ወደ አዋሽ የሚወርዱ ጅረቶች የሚነሡት ከዚሁ ምድር ነው። በላዩ ላይ ጭላዳና ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ።

ልጄ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ወደዚያ ይዣት ሄጄ ነበር። ማታ ከአክስቷ ልጅ ጋር ተቀምጣ ተራራ ስትስል በላዩ ዛፍ ደረደረችበት። ልጁም ሥዕሉን አየና «ይኼ የእናንተ ተራራ ይሆናል፤ የእኛው ዛፍ የለውም፤ ሣር ነው» አላት። እኛ አዋቂዎቹ ሳቅን። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። ተራራ ሁሉ ዛፍ መሸከም አለበት ብሎ ያደገ ልጅ አንድ ቀን ባለሙያ ሆኖ ጓሳ ላይ ባሕር ዛፍ ሊተክል ይችላል። የሣሩን ዋጋ የሚያውቀው በላዩ ያደገው ነው።

አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስለ ጥንቱ የጓሳ ሥርዓት ሲያወሩ ምሽቱ አይበቃቸውም ነበር። አገሬው ቄሮ የሚለው የጥበቃ ሥርዓት አለ፤ መነሻው በ17ኛው መቶ ዓመት እንደሆነ ይነገራል። ምድሩን ያቀኑት አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው ተብሎ ስለሚታመን፣ በጓሳው የመጠቀም መብት የነበረው ከእነዚህ ከሁለቱ ለሚወለድ ነው። ሕዝቡ የራሱን አለቃ ይመርጥና ጓሳው ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ያህል ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፣ ማንም አያሰማራም። ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል። አማቴ እንዳጫወቱኝ ያለ ጊዜው በታጨደ ጓሳ ቤቱን የከደነ ሰው ክዳኑ ይቃጠልበት ነበር። ከሁሉ የማረከኝ ግን ሌላ ነገር ነው። «እኔ ድንበሩን የተማርኩት በእግሬ ነው» ይሉ ነበር። አባታቸው ለጥበቃ ሲወጡ የስምንት ዓመት ልጅ ሆነው ከፈረሱ ኋላ እየተከተሉ፣ የቱ ድንጋይ፣ የቱ ጅብራ፣ የቱ ምንጭ ምልክት እንደሆነ በልጅነታቸው ለይተውታል። ማንም ክበብ አላቋቋመላቸውም።

የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ መሬት ያስገኘ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የጓሳው መብት በዘር ሐረግ ላይ የቆመ ስለነበረ የጥበቃው ሥርዓት አብሮ ፈረሰ። ቀድሞ መብት ያልነበረው ሰው መብት አገኘ፤ ይህ ፍርድ ነው። ግን ጠባቂው ማን እንደሚሆን ወዲያው አልተወሰነምና ሣሩ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በየቀበሌው ኮሚቴ መርጦ ጥበቃውን እንደገና አቋቋመው፤ ጓሳ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። መንግሥትም ሆነ የውጭ ድርጅት ከጎኑ ቢቆምም፣ ሣሩን የሚያሳድር ወይም የሚያጠፋ ራሱ ነዋሪው ነው።

አሁን ወደ ቤት ውስጡ ልግባ። የዛሬ ጥቂት ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። የመንዝ ደጋ ገብስ በልግን ተስፋ አድርጎ የሚዘራ ስለሆነ በልግ ከቀረ እህሉም የከብቱም መኖ አብረው ይቀራሉ። እኛ ለአማቴ የሙት ዓመት በመጋቢት ወር ወርደን የሰነበትነው ባለቤቴ ታላቅ እህት ዘንድ ነበር። እትዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ሁለት በሬና አሥራ ስምንት በግ ነበራቸው። የገለባው ክምር አልቋል። ወንዱ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነበር፤ ዘጠነኛን ለመማር ከተማ ቤት ተከራይቶ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ለኪራዩም የተመደቡት እነዚያው በጎች ናቸው።

ጓሳው ዝግ ነበር። ይሁንና በጎረቤት ያሉ አንዳንድ ሰዎች ሌሊት ሌሊት በጎቻቸውን ወደዚያ ያስገቡ ጀመር። የሚነዱት ልጆች ናቸው። ለምን ልጆች ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ አዋቂ ከተያዘ ይቀጣል፤ ልጅ ከተያዘ ግን «ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል» ተብሎ ይለቀቃል። አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን ስሰማ ያዘንኩት ለሣሩ ብቻ አልነበረም። ልጁን በጨለማ፣ በውርጭ፣ በጅብ መሐል ልከን፣ ጥፋቱንም ለእሱ አሸክመን፣ እኛ በቤታችን በባና ተጠቅልለን እንተኛለን ማለት ነው።

አንድ ማታ ኩበቱ እየጨሰ ተቀምጠን ሳለ እትዬ ልጃቸውን «ነገ ሌሊት ከእነዚያ ልጆች ጋር በጎቹን ታወጣቸዋለህ» አሉት።

«እማዬ፣ ጓሳው ተዘግቷል» አለ።

«ለማን ተዘጋ? የሰው በግ ሲገባ እያየህ አይደል ወይ?»

«እሱስ ይገባል። እኔ ከተያዝኩ ግን ማን ላከህ ሲሉኝ እናቴ ናት ነው የምላቸው። ልጅ ነኝ፣ አላውቅም አልልም፤ አውቃለሁ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ ወደ እኔ ዞረው «ሰማሽው? በትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ ገብቶ የተማረው ይህንን ነው። ክበቡ በጎቼን ይቀልብልኝ እንደሆነ እስቲ ጠይቂልኝ» አሉኝ። ምን ልበል? በማግሥቱ ሻንጣዋን አንሥታ ወደ ከተማ የምትመለስ ሴት ሆኖ በሌላ ሰው ረሃብ ላይ ምክር መስጠት አያምርም። እትዬ አልተሳሳቱም። ልጁም አልተሳሳተም። እንዲህ ያለው ነገር ነው ችግር የሚባለው።

ያኔ ከጥግ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትል የነበረችው ትንሿ ልጅ ተናገረች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ የቤቱን ውሃ የምትቀዳው እሷ ናት። ወረፋ ስትጠብቅ እንዝርቷን ይዛ ትሄዳለች። «አምና ጄሪካኑ እስኪሞላ ግማሽ ልቃቂት ነበር የምፈትለው። ዘንድሮ አንድ ልቃቂት ሙሉ አወጣለሁ፤ አሁንም አይሞላም» አለች። እናቷ ዝናቡ ቀርቶ ነው አሏት። እሷ ግን ቀጠለች፤ «ዝናቡማ ለሁሉም ነው የቀረው። ከወዲያኛው ሸንተረር ሥር ያለው ምንጭ እንዲህ አልሆነም። እሱ በላዩ ሣር አለው። የእኛው ሣሩ አጥሮ አጥሮ መሬቱ ታይቷል።»

እኔ ይህችን ልጅ አልረሳትም። ሁለት ምንጭ አወዳድራ፣ በእንዝርቷ ጊዜውን ለክታ፣ ምክንያቱን ፈልጋ አግኝታለች። ይህን ሁሉ እስከዚያ ማታ ድረስ ማንም አልጠየቃትም ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ክበብ አባላት እንኳ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ክበቡ የሚሰበሰበው ከትምህርት ሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሴቶቹ ልጆች ምንጭ ላይ ናቸው።

እትዬ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ስድስት በግ ወደ መሐል ሜዳ ነድተው ሸጡ። ዝናብ በቀረ ዓመት ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ወድቆ ነበር። በገንዘቡ የገብስ ገለባ ገዝተው በሬዎቹንና የቀሩትን በጎች አተረፉ። ልጁ ግን በዚያ ዓመት የቤት ኪራይ አልተገኘለትምና ዘጠነኛ ክፍል የገባው ከእኩዮቹ አንድ ዓመት ዘግይቶ ነው። ይህን ትቼ ብጽፍ ወሬው ያምርልኝ ነበር። ተራራን መጠበቅ ዋጋ የለውም ብሎ ለልጆች ማስተማር ግን እነሱን ማታለል ነው፤ ዋጋውን ማን ከፈለ፣ ማንስ ሊያግዘው ይገባ ነበር ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ማን ሌሊት እንደሚያሰማራ ሲመክሩ፣ አንድ አዛውንት «እረኞቹን ጠርተን ለምን አንጠይቅም?» ብለው ሐሳብ አቀረቡ። እረኞቹ መጡ። በየትኛው ኩርባ እንደሚገባ፣ ሣሩ የት እንደተጎዳ፣ የቀበሮዋ ጉድጓድ የት እንዳለ እየጠቆሙ ተናገሩ። ነገሩን ያጫወቱኝ ራሳቸው እትዬ ናቸው። ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው «የምንጭ ነገር የሚነሣ ከሆነ የምትቀዳዋ ትጠየቅ» በማለታቸው ልጅቱም ተጠርታ ስለ ልቃቂቱ ተናገረች። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አዛውንቱ ግን አልሳቁም። በዚያ ቀን ልጅ ከተያዘ የሚጠየቀው የላከው አዋቂ እንዲሆን ተስማሙ። ገለባ የተረፈው ለሌለው እንዲያበድርም ተነሥቶ ነበር፤ እሱ እስካሁን ከወሬ አላለፈም።

በሌላም ተራራ ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስሜን በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ሳለ፣ እርሻና ግጦሽ እየገፋው ዋልያው በመመናመኑ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ሰደድ እሳት በተነሣበት ጊዜ ከውጭ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ድረስ እሳቱን በቅጠልና በአፈር ሲታገሉ የሰነበቱት የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

ጓዳውንም አንርሳ። በመንዝ ማገዶ የለምና ኩበት ይነዳል፤ ኩበቱ ሲነድ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል፤ ኩበት ሲያልቅ ደግሞ ልጅቱ አስታ ልትቆርጥ ወደ ተራራው ትላካለች። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ይህ ማለት ልጅቱ የምትሄድበት ቀንም ይቀንሳል ማለት ነው። ከተማ ያለን ሴቶች ለገጠር ዘመዶቻችን በበዓል ጨርቅ ስንልክ የምድጃ ዋጋ ብንጨምርበት ምን አለበት? እኔ ለእትዬ አድርሻለሁ። መጀመሪያ «እንጀራው ዓይን አያወጣም» ብለው ነበር፤ በሦስተኛው ወር ጎረቤት እየጠሩ ያሳዩበት ጀመር።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ልብ ያላለውን ላንሣ፤ እሱም የቤታችን ውሻ ነው። በምድር ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው። ትልቁ ጠላታቸው ጥይት አይደለም፤ ከእረኛ ጋር ወደ ተራራ የሚወጣ ውሻ ይዞት የሚሄድ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. ገደማ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። ውሻን ማስከተብ ቀበሮውንም፣ በጎቹንም፣ ልጁንም ማዳን ነው። ውሻውን ማን ያውቀዋል ቢባል ደግሞ ልጁ ነው፤ ስሙን የሚያውቀው፣ ሲጠራው የሚመጣለት ለእሱ ነው።

እረኛ ልጆች ስለ ቀበሮ የሚያውቁት ይገርማል። ቀበሮው ከጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ አይጥ ሲያድን ጭላዳዎቹ እንደማይሸሹት የባለቤቴ እህት ልጅ ነግሮኝ፣ ተረት መስሎኝ ነበር። በዚያው በጓሳ ተመራማሪዎች አጥንተውት በ2007 ዓ.ም. የታተመውን ሳነብ ግን፣ ቀበሮው ከጭላዳ መሐል ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ፣ ብቻውን ሲያድን ግን ከመቶ 25 ጊዜ ብቻ እንደሚሳካለት ተጽፏል። ቁጥሩ የተመራማሪዎቹ ነው፤ ወሬውን ግን እረኛው ያውቀዋል።

ባለፈው ከእትዬ ጋር በስልክ ስንነጋገር የእንስሳት ሐኪም ወደ ቀበሌያቸው መጥቶ ውሾች መከተባቸውን ነገሩኝ። ውሾቹን ከየቤቱ እየጠራ የሰበሰበው ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ነው። ከመንደሩ ውሾች አሥራ አንዱ ተከትበዋል። ሦስቱ አልያዝ ብለው ገደል ለገደል ሲያስሮጧቸው ዋሉ፤ ከሦስቱ አንዱ የራሳቸው የእትዬ ቡላ ነው። ሐኪሙ እንደገና እመጣለሁ ብሎ ሄዷል። እስከዚያው ልጅቱ በተፈቀደው ጊዜ ከታጨደው ጓሳ ለቡላ ጠንካራ ገመድ እየገመደች ነው።